በቤት ለተሠራ ሲኤንሲ ማሽን ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ፦ ከሞተሩ ተነስቶ እስከ ግድግዳው ሶኬት

ሲኤንሲ በኮምፒውተር ትእዛዝ እየተንቀሳቀሰ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ የግድግዳውን መብራት ለሞተሮቹ ወደሚስማማ ቮልት ይቀይርለታል። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቶ "ለሲኤንሲ የሚሆን ፓወር ሰፕላይ አለ?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ለሲሲቲቪ ካሜራና ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጠው፣ ቀዳዳ የበዛበት የብረት ሳጥን ነው፤ 12 ቮልት፣ 30 አምፔር። 360 ዋት ስለሚል በቂ ይመስላል። ማሽኑ ላይ ሲገጠምም ሞተሮቹ ይዞራሉ፣ በዝግታ ሲሄዱ እንከን አይወጣላቸውም። ፍጥነት ሲጨመርባቸው ግን ይጮኻሉ፣ ይንቀጠቀጡና ባሉበት ይቆማሉ። ዋቱ አላነሰም፤ ያነሰው ቮልቱ ነው።

ስለዚህ "ስንት ዋት ይበቃኛል?" የመጨረሻው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መነሻው ሞተሩ ነው፤ ቀጥሎ ለሞተሩ ከረንት የሚያድለው መሣሪያ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከዚያ ቮልቱ፣ ከዚያ አምፔሩ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከሱቅ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚመለስ አምስተኛ ጥያቄ አለ፤ ከግድግዳው የሚመጣው መብራት ምን ዓይነት ነው?

ሐሳቡ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ማሽን እንያዝ። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ያለው፣ እንጨትና አልፎ አልፎ አሉሚኒየም የሚቆርጥ ነው። አራት ኔማ 23 (የመጠን መለያ ነው) ስቴፐር ሞተሮች፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞሩ ሞተሮች አሉት፤ ሁለቱ ቢላዋውን የተሸከመውን ድልድይ ከግራና ከቀኝ ይገፋሉ። እያንዳንዱ ሞተር 2.8 አምፔርና 2.5 ሚሊሄንሪ (ጥቅልሉ የከረንትን ለውጥ የሚቃወምበት ልክ) ነው። የሚዞረው ቦልስክሩ (ድልድዩን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ያለው ዘንግ) በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል።

ቮልቱ

ሞተሩ ውስጡ የመዳብ ጥቅልል ነው፤ ጥቅልል ደግሞ ከረንት በድንገት እንዲገባበት አይፈቅድም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶና መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶን እናስብ። ባልዲው ከሁለቱም ይሞላል፤ ከመሬቱ ሮቶ ግን ግፊት ስለሌለ ይዘገያል። ቮልት የሮቶው ከፍታ ነው። ስቴፐር ሞተር ደግሞ ባልዲውን በሰከንድ ሺህ ጊዜ እየሞላ መድፋት አለበት።

በቁጥር እንየው። ማሽኑ በደቂቃ 3,000 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ከተፈለገ ቦልስክሩ በደቂቃ 600 ጊዜ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ስላለው በሰከንድ 2,000 እርምጃ ይሆናል። ለአንድ እርምጃ የሚደርሰው ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከረንቱ 2.8 አምፔር መድረስ አለበት። ሚሊሄንሪው በአምፔሩ ተባዝቶ ለቮልቱ ሲካፈል የሚፈጀው ጊዜ ይገኛል፤ በ12 ቮልት 0.58 ሚሊ ሰከንድ፣ በ24 ቮልት 0.29፣ በ36 ቮልት 0.19። በ12 ቮልት ከረንቱ ሳይሞላ ቀጣዩ እርምጃ ይደርስበታል። ያ ጩኸትና መንቀጥቀጥ ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ስሌት የጥቅልሉን ሬዚስታንስና ሞተሩ ሲዞር ራሱ የሚያመነጨውን ተቃራኒ ቮልት አላካተተም፤ እነሱ ሲጨመሩ 24 ቮልትም ይጠባል።

ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው ማለት ግን ያለ ልክ ይውጣ ማለት አይደለም። ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ መለኪያ አለ፦ የሚሊሄንሪው ስኩዌር ሩት በ32 ሲባዛ የሞተሩ ጣሪያ ነው። ለእኛ ሞተር 50 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ብዙም አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሞተሩ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ሞተሩ ላይ "3.2 ቮልት" ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን አይቶ 36 ቮልት መስጠት ሊያስፈራ ይችላል። የተጻፈው ቁጥር አምፔሩ ሲባዛ በጥቅልሉ ሬዚስታንስ ነው፤ ሞተሩ ያለ ድራይቨር በቀጥታ ቢገናኝ የሚችለው ማለት ነው። የዘመኑ ድራይቨር ከረንቱን በሰከንድ ሺዎች ጊዜ እየቆረጠ ስለሚቆጣጠር 36 ቮልት ሰጥተነውም ከ2.8 አምፔር በላይ አያሳልፍም።

ትክክለኛው ገደብ ድራይቨሩ ላይ ያለው ነው። ቲቢ 6600 ተብለው የሚሸጡት ሞጁሎች እስከ 40 ወይም 42 ቮልት፣ ዲኤም 542 ደግሞ ከ20 እስከ 50 ቮልት ይቀበላሉ። ታዲያ ለዲኤም 542 ለምን 48 አንሰጠውም? ምክንያቱ ፍሬን ነው። ድልድዩ በፍጥነት ሄዶ ድንገት ሲቆም ሞተሩ ለአፍታ ጄኔሬተር ይሆንና ጉልበቱን ወደ ፓወር ሰፕላዩ መልሶ ይገፋል፤ መስመሩ ላይ ያለው ቮልት ብድግ ይላል። ከ48 እስከ 50 ያለችው ሁለት ቮልት ለዚህ አትበቃም። ወይ ፓወር ሰፕላዩ ከልክ በላይ ቮልት አይቶ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ድራይቨሩ ይቃጠላል። ከድራይቨሩ ጣሪያ ቢያንስ 10 በመቶ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ሩብ ያህል መራቅ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል። ለዲኤም 542 ምርጫችን 36 ቮልት ነው። ገበያ ላይ 48 ብቻ ከተገኘ በጎኑ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ወደ 44 ማውረድ ይቻላል፤ መጀመሪያ ድራይቨሩ ሳይገናኝ፣ በመልቲሜትር እየተለካ።

አምፔሩ

አራት ሞተር በ2.8 ሲባዛ 11.2 አምፔር ይሆናል። ይህን ሁሉ ከፓወር ሰፕላይ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ድራይቨሩ ከፍተኛውን ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቮልትና ወደ ብዙ አምፔር የሚቀይር ስለሆነ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስደው ሞተሩ ውስጥ ከሚዞረው ያነሰ ነው። ሁለት ሦስተኛውን መያዝ ይበቃል፤ 7.5 አምፔር። በ36 ቮልት ሲባዛ 270 ዋት ይመጣል። ባለ 350 ዋቱ 36 ቮልት ፓወር ሰፕላይ 9.7 አምፔር ይሰጣል፤ ለዚህ ማሽን ልኩ ይህ ነው። በ48 ቮልት ግን ያው 350 ዋት 7.3 አምፔር ብቻ እንደሚሰጥ ልብ ይሏል።

ሁለት ፓወር ሰፕላይ ጎን ለጎን በትይዩ አገናኝቶ አምፔር ለመደመር መሞከር አይሠራም። በአንድ አሥረኛ ቮልት እንኳ ከበለጠ አንደኛው ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ሁለት ካሉ ሁለት ሁለት ሞተር አካፍሎ መስጠት ይሻላል።

የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከአሮጌ ሲፒዩ ተፈትቶ ሲቀርብ ያጓጓል፤ 12 ቮልት ስለሆነ ለኔማ 23 አይሆንም። ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ለትንሿ ኔማ 17 ማሽን ጥሩ ነው።

ከዚያው ሳጥን የማይወጡት

መቆጣጠሪያው ማለትም አርዱይኖው የራሱ 5 ቮልት ይኑረው። ለሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ማቆሚያ)፣ ለፋንና ለሪሌይ 24 ቮልት 2 አምፔር ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ለብቻ ይያዛል። ቢላዋውን የሚያዞረው ሞተር ማለትም ስፒንድሉ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ መንገድ አለው፤ 1.5 ኪሎ ዋት የሆነው፣ ፍጥነቱን በሚቆጣጠረውና ኢንቨርተር በሚሉት ቪኤፍዲ በኩል በቀጥታ ከ220 ቮልት ይሠራል። የራሱን 16 አምፔር ብሬከርና ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ይፈልጋል።

የመብራቱ ነገር

አዲሱን ሳጥን ከመሰካት በፊት በጎኑ ቀዳዳ ውስጥ አጮልቆ ማየት። ቀይ ወይም ቢጫ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ትላለች። ከፋብሪካ 115 ላይ ሆኖ የመጣ ሳጥን 220 ላይ ከተሰካ ውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች የማይችሉት ቮልት ይደርስባቸውና ይፈነዳሉ። ጊዜ አይሰጥም፤ ጧ ብሎ ያበቃል። ብዙ አዲስ ፓወር ሰፕላይ የሚሞተው በዚህች ማብሪያ ነው።

ማብሪያዋ 230 ላይ ሆና እንደ ሚን ዌል (የአምራች ስም ነው) ያለው ባለ 350 ዋት ሳጥን ከ180 እስከ 264 ቮልት ድረስ ሥራውን ሳያዛንፍ ይቀበላል። ከ180 በታች ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማሽኑ የሚቀመጥበት ሶኬት ላይ መልቲሜትር ሰክቶ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ ረፋድ ላይ፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲያበራ፣ እና ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ በቀጭን መስመር ላይ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ከምጣድ የባሰው ብየዳ ቤት ነው። ምጣድ ቮልቱን አውርዶ እዚያው ያቆየዋል፤ ብየዳ ግን በየሰከንዱ ይጎትተዋል ይለቀዋል። ሰርቮ ስታብላይዘር ሞተሩን አዙሮ እስኪያስተካክል ድረስ ብየዳው አልፎ ሌላው ይጀምራል፤ ስለዚህ ስታብላይዘር ለምጣዱ እንጂ ለብየዳው መፍትሔ አይሆንም። ቤቱ ሦስት ፌዝ ከገባለት ማሽኑን ብየዳው ከሌለበት ፌዝ ላይ በባለሙያ ማስቀየር የተሻለ ነው፤ ካልሆነ ከቆጣሪው ሥር የራሱን መስመር መሳብ።

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ የሚሆነውን በቅርበት እንመልከት። ፓወር ሰፕላዩ በውስጡ ባከማቸው ጉልበት ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ቮልቱ ይወርዳል፣ ድራይቨሮቹ ይጠፋሉ፣ ሞተሮቹ ይለቃሉ። አርዱይኖው ግን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ መብራት ያገኛል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ባትሪ አለው። ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ መላኩን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ሞተሮቹ ከቆሙበት ይነሳሉ፤ ፕሮግራሙ ግን 40 ሚሊ ሜትር ቀድሟል። ቢላዋው ሥራው መሐል ገብቶ ይቆርጣል ወይ ይሰበራል።

መድኃኒቱ ኮንታክተር ነው፤ በኮይል ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሳብ ትልቅ ማብሪያ። አረንጓዴ ቁልፍ ሲጫኑት የሚይዝ፣ በራሱ ረዳት ኮንታክት ተይዞ የሚቆይ፣ መብራት ሲጠፋ የሚለቅ፣ ሲመለስም ሰው እስኪጫነው በራሱ የማይነሳ። ለፓወር ሰፕላዩም ለስፒንድሉም የሚሄደው 220 በዚህ ኮንታክተር በኩል ይለፍ። ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍና ትልቁ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ ይታሰራሉ፤ ሲጫኑት የሚለያይ ዓይነት እንጂ የሚያገናኝ አይሁን። ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል እንጂ ማቆሚያው አይጠፋም። ሌላ ትርፍ ረዳት ኮንታክት ካለው ወደ መቆጣጠሪያው የማቆሚያ ፒን ይወሰድ፤ ያኔ አርዱይኖውም መብራት መጥፋቱን ያውቃል።

ዩፒኤስስ? የቢሮ ዩፒኤስ ሞተሮቹን ለጥቂት ደቂቃ ሊይዝ ይችላል፣ ስፒንድሉን ግን አይችልም። ስፒንድሉ ቆሞ ሞተሮቹ ቢላዋውን እንጨት ውስጥ እየገፉ ከቀጠሉ ከመጥፋቱ የባሰ ነው። መቆጣጠሪያው የስፒንድሉን መቆም የሚያውቅበት ሽቦ ካልተሠራ ዩፒኤስ ባይገባ እንመርጣለን።

የደጋው አየር

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋን የሚነፍሰው ያው መጠን ቢሆንም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የፓወር ሰፕላይ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከሚፈቀደው ሙቀት ላይ 5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳሉ (ፋን ላላቸው)። በደሴ ይህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ነው፤ የደሴ ብርድ ራሱ ይከፍለዋል። ኮምቦልቻ ከመስመሩ በታች ናት፣ ግን ሞቃታማ ስለሆነች ሳጥኑ ተዘግቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ጭንቀቱ እዚያ ይበልጣል።

ቪኤፍዲው ላይ ግን ከፍታው ይሰማል። ለእነሱ የተለመደው ደንብ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ መቀነስ ነው። ኮምቦልቻ 8 በመቶ ገደማ፣ ደሴ 15 በመቶ። ለ1.5 ኪሎ ዋት ስፒንድል ባለ 2.2 ቪኤፍዲ መግዛት እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ትራንስፎርመር ለሚመርጥ

ሞተር የሚጠመጥም ጎበዝ ባለሙያ ካለ ሌላ መንገድ አለ። 500 ቪኤ ትራንስፎርመር፣ 220 ገብቶ 26 የሚወጣ። ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ባለ 35 አምፔር ብሪጅ ዳዮድ በኋላ ሸክም ላይ 35 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሆናል። የካፓሲተሩን ልክ ለማግኘት 80,000 በአምፔሩ ተባዝቶ ለቮልቱ ይካፈላል፤ 80,000 ሲባዛ በ7.5፣ ሲካፈል ለ35፣ 17,000 ማይክሮፋራድ ገደማ። ሁለት ባለ 10,000፣ ባለ 63 ቮልት ይበቃሉ። በላያቸው ላይ 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር መታሰር አለበት፤ እሱ ከሌለ ካፓሲተሩ ከጠፋ በኋላም ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ከነሬዚስተሩም ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። በ220 በኩል ባለ 4 አምፔር የሚዘገይ ፊውዝ ይገባል፤ ፈጣኑ ዓይነት ትራንስፎርመሩ ሲነሳ በሚስበው ከረንት ብቻ ይቆረጣል።

ይህ ዓይነቱ ቮልቱን አያስተካክልም። መብራቱ 240 ሲሆንና ሞተሮቹ ሲያርፉ 42 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ለዲኤም 542 ምንም አይደለም፣ ለቲቢ 6600 ግን ጫፍ ላይ ነው። በተቃራኒው መብራቱ 170 ሲወርድ ወደ 27 ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፤ ማሽኑ ይደክማል፣ ቦታውን ግን ሊይዝ ይችላል። ፍሬን ሲይዝ የሚመለሰውንም ጉልበት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይውጡታል። መብራቱ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰፈር ክብደቱና ድካሙ ቢያሳቅቅም ይህ ይሻላል እንላለን።

ሽቦው

ከፓወር ሰፕላዩ ወደ እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱ ጥንድ ሽቦ ይሂድ፣ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ተጠማዝዞ፣ ከአንድ ሜትር ሳይበልጥ። ከአንዱ ድራይቨር ወደ ሌላው እየቀጠሉ መሄድ የአንዱን ጫጫታ ለሁሉም ማካፈል ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ። ፓወር ሰፕላዩ በርቶ ሳለ የሞተር ሶኬት መንቀል ደግሞ ድራይቨር ለመግደል የታወቀው መንገድ ነው።

የምድር ሽቦ። ብዙ አሮጌ ቤት ሶኬቱ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ምድር በሌለበት የፓወር ሰፕላዩን የብረት ሳጥን ሲነኩት የሚነዝረው ውስጡ ካለው የጫጫታ ማጣሪያ የሚያልፍ ትንሽ ከረንት ነው። ያው ከረንት ሊሚት ስዊቹን ሳይነካ እንደተነካ ያስመስለዋል። መፍትሔው ምድር ማስቀበር ነው፤ ኒውትራሉን ሳጥኑ ላይ ማሰር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ከቆጣሪው ጋር ኒውትራሉ ቢላቀቅ ማሽኑ በሙሉ 220 ይሆናል። ቪኤፍዲው የሊኬጅ ብሬከር ሲጥልም አንዳንዱ ምድሩን ይነቅለዋል፤ ብሬከሩ ይይዛል፣ አደጋው ግን እዚያው አለ።

ከመግጠም በፊት ፍተሻ

350 ዋት የተጻፈበት ሁሉ 350 ዋት አይሰጥም። ማረጋገጫው ከመኪና መለዋወጫ ቤት ይገኛል፦ ስድስት የአይሱዙ የፊት መብራት አምፖል፣ ባለ 24 ቮልት 70 ዋት። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስሮ ሦስት ጥንድ ማድረግ። በ36 ቮልት ላይ እያንዳንዱ ጥንድ 2.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሦስቱ ጥንድ 7.5 ይሆናሉ፣ ማሽኑ የሚፈልገው ልክ። ጥንዶቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ማገናኘት ነው፤ የቀዘቀዘ አምፖል መጀመሪያ ላይ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ደህናውም ፓወር ሰፕላይ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። አምፖሎቹ እሳት ስለሚሆኑ በጡብ ላይ ይቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ይብራ። መልቲሜትሩ መውጫው ብሎን ላይ ሆኖ፣ ያለ ሸክም 36.0 ያነበበው ከነሸክሙ ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ወይም አምፖሎቹ ሲርገበገቡ ከታዩ፣ ወይም ፋኑ ሳይነሳ ሳጥኑ እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ ደረሰኙን ይዞ ወደ ሱቅ መመለስ ነው። ካለፈ መጥፋት፣ መንቀል፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፤ ከዚያ አንድ ድራይቨር ከአንድ ሞተር ጋር ብቻ አገናኝቶ ማብራት። ሌሎቹ ሦስቱ የሚገቡት እሱ በሁለቱም አቅጣጫ ከዞረ በኋላ ነው።